መሰላሉን መንሳት

አኒሴቶ፣ ስማኝ፤ የካቲት ነው ዛሬ፣
ገጀራህን ይዤ ከረምኩ በዱሬ።
እሾሃማው ጥሻ ቢጫ አበባ ለብሶ፣
ካቻምና የመነጠርኩት ዘንድሮ ተመልሶ፣
ከወገቤ አልፎ ከደረቴ ደርሶ፣
«እንዴት ከረምሽ?» አለኝ እጄን በእሾህ ዳስሶ።
ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ይንቋቋል፤
እሱ ግን በቆረጥኩት ቁጥር ይጸድቃል።

ሰው እሳት ከሰማይ ዱብ የሚል ይመስለዋል።
እኔና አንተ ግን ያን ሌሊት አይተነዋል፤
ሰደድ በእግሩ ነው ሽቅብ የሚሄደው።
ደረቅ ሣሩን ረግጦ፣ ጭራሮው ላይ ወጥቶ፣
ዝቅ ያለች ቅርንጫፍ በእጁ ጨብጦ፣
እንደ ሌባ፣ እርከን በእርከን፣ ድምፁን አጥፍቶ፤
የዛፉ አናት ሲደርስ ያኔ ነው የሚጮኸው።
ስለዚህ ሥራዬ እሳት ማጥፋት አይደለም፤
መሰላሉን ነው የምነሳው።

ጥዶቹን ከሥር ከሥራቸው ገፈፍኩ፣
መጋዝ የያዘ እጄ እስከሚደርስ።
ከጉቶው ካቆጠቆጠው ባሕር ዛፍ
ሦስቱን ጥዬ አንዱን ተውኩ።
የኤርሚንዮን ፍየሎች ለሦስት ሳምንት ተከራየሁ፤
«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ብዬ።
መራጭ ናት እንጂ! ለጋ ለጋውን ግጣ፣
ግንዱን ለእኔ ትታ፣
አጥር ላይ የሰቀልኩትን ጓንቴን በላች።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል፤
እዚህ ግን፣ አኒሴቶ፣ ቅጠሉ ነው የሚቃጠል።

ከወሰን ድንጋዩ ወዲያ የእነቴርቱልያኖ ርስት ነው፤
ሰባት ወራሽ አለው፦
አራቱ ሉክሰምበርግ፣ ሁለቱ ሊዝቦን፣
አንዷ የት እንዳለች ወንድሞቿም አያውቁ።
መሬቱ በስማቸው፣ ጥሻው በራሱ ስም።
ድንበሩን ድንጋይ ያውቃል፣ ዳኛ ያውቃል፤
እሳት ማንበብ አይችልም።
አምና ሃምሳ እርምጃ ያህል ገብቼ መነጠርኩላቸው።
በፋሲካ ሰሞን ደብዳቤ መጣ፤ «በማን ፈቃድ?» ይላል።
እኔም ጻፍኩ፦ «ልጄ፣ መጥተህ ቁረጥ፤
ገጀራ አውስሃለሁ፣ ሾርባውም ከእኔ ነው።»
እስካሁን ከሰው መልስ የለም።
ጥሻው ግን መልሷል፤ በቅሏል።

ክምሩን ለማቃጠል ስልክ ደወልኩ፤
አንድ ልጅ እግር ድምፅ፣ «ዛሬ ነፋስ አለ፣
ሐሙስ ይሞክሩ፣ እማማ» አለኝ።
ሐሙስ ጭጋግ ነበር። ባልዲ፣ አካፋ፣ የውኃ ጎማ
አጠገቤ ደርድሬ ክብሪት ጫርኩ።
እንደ ቤት ውሻ እግሬ ሥር ቁጭ ብሎ
የሰጠሁትን ብቻ ሲበላ ሳየው፣
ይቅር በለኝና፣ ልጠላው አልቻልኩም።
እስኪመሽ ጠበቅኩት። አመዱን በእጄ ዳስሼ፣
ቀዝቃዛ ሲሆን ነው ጀርባዬን የሰጠሁት።

አሁን የቀረውን ልንገርህ፤ ሦስት ዓመት ደብቄህ ኖሬያለሁ።
ኢልዳ በተወለደች ዓመት
ከኩሽናው መስኮት ፊት የተከልከው ጥድ
ከደጃፉ ዐሥር እርምጃ አይሞላም።
ቅርንጫፉ ጣሪያው ላይ ተጋድሟል፣
ቅጠሉ አሸንዳውን ደፍኖታል።
ተራራውን ሁሉ መንጥሬ
ትልቁን ማገዶ ራስጌዬ አቁሜ ተኛሁ፤
«ነገ» እያልኩ፣
«እሱ የተከለው» እያልኩ።
እሳት ማን ተከለው ብሎ ይጠይቃል?

ማክሰኞ ኤቫሪስቶ ሞተር መጋዙን ይዞ መጣ።
ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆምኩ፤
ሲወድቅ መሬቱ በእግሬ በኩል ነገረኝ።
ጉቶው አጠገብ ተንበርክኬ ቆጠርኩ፦ አርባ ሦስት ቀለበት፤
አንዱ ቀጭን፣ ክር የሚያህል፣ የድርቁ ዓመት፤
በምዕራብ በኩል ጥቁር ጠባሳ፣
ያን ሌሊት ውኃ ስታርከፈክፍበት ያደርክበት ጎን።
ሙጫው እጄ ላይ አለ፤ በሳሙና አልለቅ ብሎኛል።

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ እስከ ምድጃው ገባች።
መስታወቱ ይህን ያህል መቆሸሹን
አላውቅም ነበር፣ አኒሴቶ።
ጨርቅ አርጥቤያለሁ። እሱን ልወልውልና
ወደ ጥሻዬ ልውጣ።